«ቆመህ ጠብቀኝ»፤ ርካሽ ነፍጥ እንዴት ይመረመር እንደ ነበረና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ የሚያልፈው፥ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ በዛሪማና በአዲ አርቃይ በኩል ወደ ተከዜ የሚዘልቀው፥ ከዚያም በዐድዋ አድርጎ ምጽዋ የሚደርሰው መንገድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ኢትዮጵያ ዋና ዋና የንግድ በሮች አንዱ ነበረ። የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድ፥ ሰምና ቡና በዚህ መንገድ ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር፤ በመልሱ ጉዞ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ፥ ዶቃና መስታወት በበቅሎ ተጭነው ወደ ደጋው ይወጡ ነበር። ከነዚህ ሁሉ ዕቃዎች መካከል ግን ገዢው አጥብቆ የሚመኘው፥ ሻጩም አጥብቆ የሚጠነቀቅለት ዕቃ አንድ ነበረ፤ እርሱም ነፍጥ ነው።

የዚያን ዘመን ነፍጥ ባሩዱም ጥይቱም በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ነበረ። ባለቤቱ በመጀመሪያ ባሩዱን ሰፍሮ በአፈሙዙ ያፈሳል፤ ቀጥሎ ጥይቱን ያስገባል፤ በቀጭን ዘንግ እስከ ታች ድረስ ገፍቶ ያጠብቀዋል፤ በመጨረሻም ባሩዱን የሚለኩሰውን እሳት ያሰናዳል። ይህ ሁሉ ድካም ለሠለጠነ ወታደር እንኳ በ1 ደቂቃ ከ2 ወይም ከ3 ተኩስ የበለጠ አያስገኝም። ተኳሹ ሁለተኛ እስኪያጎርስ ድረስ ጠላቱንም ሆነ አውሬውን ባለህበት ቁም ብሎ የሚለምን ይመስላልና የአገራችን ሰው ይህን መሣሪያ «ቆመህ ጠብቀኝ» ሲል ሰየመው።

ስሙ የሚያስቅ ቢሆንም የዕቃው ነገር የሚያስቅ አልነበረም። ቧንቧው ደካማ ሆኖ የፈነዳ እንደ ሆነ የተኳሹን እጅና ዓይን ይወስዳል። ጥይቱ የሳተ እንደ ሆነም የቆሰለው አውሬ በአዳኙ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ገንዘቡ ለውዱ የማይበቃ ሰው ርካሹን ሲገዛ፥ ደኅናውን ከብልሹው የሚለይበት ዘዴ ያስፈልገው ነበር። ለሚሸጠውም ነጋዴ እንዲሁ ነው፤ በሸጠው ነፍጥ ሰው የተጎዳበት ነጋዴ ወደዚያ ገበያ ለመመለስ ፊት አይኖረውምና።

ብዛት ጥራት አይደለም

በስሜን ምድር የነፍጥን ብዛት ለማስታወስ የደረስጌን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የምጽዋው መንገድ በእጃቸው ስለ ነበረ ከዘመኑ መሳፍንት ሁሉ ይልቅ ብዙ ነፍጥ ለማከማቸት ችለው ነበር። ይሁን እንጂ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፥ ድል ሆኑ። በሺሕ የሚቈጠረውም ነፍጥ ለአሸናፊው ገባ።

ከ13 ዓመት በኋላ ደግሞ የዕቃው ዐይነት ከቁጥሩ እንዴት እንደሚበልጥ በግልጽ ታየ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ስፍራ የእንግሊዝ ጦር የያዘው ጠመንጃ ከኋላው የሚጎርሰው ስናይደር ነበረ፤ ይህም አገራችን «ሰናድር» ብላ የምታውቀው ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ነፍጥ ግን አብዛኛው በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበረ። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያ ወገን በመቶ የሚቈጠሩ ጀግኖች ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ መሆናቸው ተጽፏል። የሰው ጀግንነት አልጎደለም፤ የመሣሪያው ዘመን ግን አልፎ ነበር።

የአውሮፓ መንግሥታትም ይህን ስለ ተረዱ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1866 ወዲህ በአፈሙዝ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ከጦራቸው አወጡ። የወጣው ጠመንጃ አልተቃጠለም፤ በአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች መጋዘን ተከማችቶ ገዢ ይጠብቅ ጀመር። ርካሹ ነፍጥ ወደ አፍሪካ ገበያ በብዛት የፈሰሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሊዬዥ መጋዘን እስከ እንጦጦ

የዚህ ንግድ ትርፍና ኪሣራ በነጋዴው እጅ ተጽፎ የተገኘው በስሜኑ መንገድ ሳይሆን፥ ከታጁራ ወደ ሸዋ በሚወጣው በምሥራቁ መንገድ ነው። የጻፈውም በፈረንሳይ አገር በቅኔው የታወቀው፥ በኋላ ግን ቅኔውን ትቶ በዐደንና በሐረር ንግድ የያዘው አርቱር ራምቦ ነው።

ራምቦ በ1878 ዓ.ም. ላባቱ ከተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ተሻርኮ 2 ሺሕ ያህል ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ተሰናዳ። ዕቃው ከ40 ዓመት በፊት ከጦር አገልግሎት የወጣ፥ በካፕሱል የሚተኮስ አሮጌ ጠመንጃ እንደ ነበረ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ራሱ አልሸሸገም። በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አገር በአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ የአንዱ ዋጋ 7 ወይም 8 ፍራንክ ሲሆን በሸዋ 40 ፍራንክ ያህል ይሸጣል የሚል ሒሳብ ነበረው። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ያየ ነጋዴ ሁሉ ይጎመጃል።

ነገር ግን መንገዱ እንደ ወረቀቱ አልሆነም። የጉዞው ፈቃድና የግመሉ ነገር ወራት አዘገየው፤ ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ፤ ራምቦ ብቻውን ቅፍለቱን እየመራ በጥቅምት 1879 ዓ.ም. ገደማ ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር የገባው ከ4 ወር ያህል በኋላ ነው። በዚህ መካከል ገበያው ተለውጦ ቆየው። ንጉሥ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ስለ ያዙ፥ የግብፅ ጦር ትቶት የሄደው ከኋላው የሚጎርስ ሬሚንግተን ጠመንጃና የክሩፕ መድፍ በእጃቸው ገብቶ ነበር። እንግዲህ ከዚያ የሚበልጥ መሣሪያ ለያዘ ገዢ የ40 ዓመቱ አሮጌ ነፍጥ በስንት ይሸጣል?

ንጉሡ ዕቃውን በጅምላ በዝቅተኛ ዋጋ ወሰዱት፤ የላባቱም ባለ ዕዳዎች መጥተው ድርሻቸውን ጠየቁ፤ የቀረውም ገንዘብ ሐረር ላይ በደጃዝማች መኰንን በኩል እንዲከፈል በወረቀት ታዘዘ። ራምቦ በኋላ በዐደን ለነበረው የፈረንሳይ መንግሥት ወኪል ባቀረበው ሒሳብ 21 ወር ደክሞ ከዋናው ገንዘቡ በመቶ 60 እንደ ከሰረ አመለከተ። የሒሳቡን ልክነት የሚጠራጠሩ ጸሐፊዎች ቢኖሩም፥ የጎመጀበት ትርፍ አለመገኘቱን የሚክድ የለም።

በስሜኑ በኩልም ነገሩ ተመሳሳይ ነበረ። በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ካደረጉ ወዲህ ብዙ ሬሚንግተን በትግራይ ምድር ስለ ተበተነ፥ «ቆመህ ጠብቀኝ» ከጦር ሜዳ እየራቀ ለአዳኝና ለሰብል ጠባቂ የሚሆን የድኻ መሣሪያ ሆነ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1890 በብሩክሴል የተፈረመው የመንግሥታት ስምምነት አዳዲስ ጠመንጃ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ሲከለክል፥ ቧንቧው ልሙጥ የሆነውን ባለ ባልጩት ነፍጥ ግን በአንዳንድ ስፍራ እንዲሸጥ መንገድ ትቶለት ነበር። ስለዚህ የርካሹ ነፍጥ ገበያ በአንድ ጊዜ አልሞተም፤ ደኅናውን የመምረጥም ጥበብ እንዲሁ።

ሳይተኮስ የሚደረግ ምርመራ

አዋቂ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያረጋግጠው ነፍጡ ባዶ መሆኑን ነው። መግፊያውን ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቶ ከውጭ የቀረውን ርዝመት ይለካል፤ ከዚያም ያንኑ ዘንግ ከቧንቧው ጎን አስተካክሎ ይይዛል። ዘንጉ ከቧንቧው ጭራ በጥቂት ጣት ቀድሞ የቆመ እንደ ሆነ ውስጡ ባሩድና ጥይት አለ ማለት ነው። ለብዙ ዓመት እንደ ጎረሰ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነፍጥ ሰው መግደሉ የታወቀ ነገር ነው።

ሁለተኛው የቧንቧው ምርመራ ነው። የነፍጥ ነፍሱ ቧንቧው ነውና በእንጨቱ ላይ ያለው የብርና የናስ ጌጥ ዓይንን ማታለል የለበትም። የብረት ዘንጉ ወደ ታች ሲጣል ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ታችኛው ክፍል ንጹሕ ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ዝገት ወይም የባሩድ አመድ ተጋግሮበታል። ከዚያ በኋላ ጣት በቧንቧው ውጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሳል፤ እንደ ቀለበት ያበጠ ስፍራ የተገኘ እንደ ሆነ ከዚህ ቀደም ጥይቱ እስከ ባሩዱ ሳይደርስ ተተኩሶ ብረቱ ተለጥጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነፍጥ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድም።

የቧንቧው ቅንነት ደግሞ በብርሃን ይታያል። የጭራው መዝጊያ ብሎን በባለ ሙያ እጅ ተፈቶ በቧንቧው ውስጥ ወደ ብርሃን ሲመለከቱ በውስጡ የሚታዩት የጥላ ክቦች እኩል ሆነው ከተደረደሩ ቧንቧው ቀጥ ያለ ነው፤ ክቦቹ ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ቧንቧው ጎብጧል። በውስጡ ጠምዛዛ ቦይ የተቀረጸለት ነፍጥ ከሆነም ቦዮቹ እስከ አፈሙዙ ድረስ ስለታቸው እንዳልጠፋ ይታያል። ጥይቱን እያሽከረከረ ቀጥ አድርጎ የሚሰደው ይህ ቦይ ስለ ሆነ፥ በዘንግ መፋቅ አልቆ ከሆነ ገዢው የከፈለው ለቦዩ ስም ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው የመተኮሻው ነገር ነው። ቃታው በግማሽ ሲሳብ እዚያው ረግቶ መቆም አለበት፤ በግማሽ ሳለ ምላጩ ሲጫን የሚወድቅ ከሆነ ፈረስ ላይ ለሚቀመጥ ሰው የሞት ዕቃ ነው። ካፕሱል የሚባለው ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚደፋበት ብረት ቀዳዳውም ይፈተሻል፤ በአፈሙዙ በኩል እፍ ሲሉ በዚያች ቀዳዳ አየር ካልወጣ እሳቱ ወደ ባሩዱ አይደርስም። ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን ባዶነቱ አስቀድሞ በዘንግ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

አራተኛው የፍተሻ ማኅተም ነው። በለንደን የመሣሪያ ሠሪዎች ማኅበር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1637 ጀምሮ፥ በበርሚንግሃም ደግሞ ከ1813 ጀምሮ የተቋቋመ የፍተሻ ቤት አለ። በሊዬዥም የተፈተነ ቧንቧ በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፥ ኤል፥ ጂ የሚሉ ፊደላት ይመታበታል፤ ከ1893 ወዲህ የተመታው በላዩ ዘውድ አለው። ማኅተሙ የሚመታው ቧንቧው ከተለመደው የበለጠ ባሩድ ጎርሶ ተተኩሶ ሳይፈነዳ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ይሁንና ማኅተሙ የሚመሰክረው ቧንቧው በተፈተነበት ቀን ጤነኛ እንደ ነበረ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ በላው ዝገት አይመሰክርም። ዒላማ ስለ መምታቱም ምንም አይናገርም።

በዒላማ መፈተን

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ሻጩ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንስራ ሲሰብር ያየ ሰው «ይህስ አይስትም» ብሎ ገንዘቡን ይቈጥራል። አንድ ተኩስ ግን ምንም አያስረዳም፤ ብልሹ ነፍጥም አንዳንድ ጊዜ ይመታልና። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የተባለው ለዚህ ያለ ገዢ ነው።

እውነተኛው ፈተና እንዲህ ይደረጋል። ነፍጡ በሰው ትከሻ ብቻ ሳይሆን በተሞላ ጆንያ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ዒላማው በ50 እርምጃ ላይ ይተከላል። ባሩዱ ሁልጊዜ በአንድ መስፈሪያ ይሰፈራል፤ ጥይቶቹ በአንድ ቅርጽ የፈሰሱና በሚዛን እኩል የሆኑ ይሁኑ፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቧንቧው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል። በዚህ ዐይነት 5 ጊዜ ተተኩሶ ቀዳዳዎቹ ይመረመራሉ።

አምስቱ ቀዳዳዎች በአንድ ስንዝር ውስጥ ተሰብስበው፥ ነገር ግን ከመካከሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ላይ ቢርቁ፥ ቧንቧው ደኅና ነው፤ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ስለ ሆነ ብረት ሠራተኛ በጥቂት ዋጋ ያቀናዋል። ቀዳዳዎቹ ወዲህና ወዲያ ተበትነው አንዱ መካከሉን ቢመታም ግን የዚያ ነፍጥ ጥፋት በማነጣጠሪያ የሚቀና አይደለም። ገዢው እንግዲህ የሚጠይቀው «መታ ወይስ ሳተ» ብሎ ሳይሆን «ተሰበሰበ ወይስ ተበተነ» ብሎ ነው።

የመበተኑ ምክንያት ብዙ ጊዜ የጥይቱና የቧንቧው አለመመጣጠን ነው። የቀድሞው የእንግሊዝ እግረኛ ጠመንጃ የቧንቧው ስፋት 19 ሚሊሜትር ሲሆን ጥይቱ 17 ተኩል ሚሊሜትር ያህል ነበረ። ቧንቧው በባሩድ ጥላሸት ሲጠብ እንኳ ቶሎ እንዲጎርስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ስለዚህ ጥይቱ በቧንቧው ውስጥ ወዲህና ወዲያ እየተላተመ ይወጣና በመጨረሻ በነካው ወገን አቅጣጫ ይሄዳል። አዳኝ ይህን የሚያሻሽለው ጥይቱን ሞራ በተቀባ ስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በማጉረስ ነው፤ ጨርቁ ክፍተቱን ስለሚሞላ የተበተነው ቀዳዳ ሲሰበሰብ ይታያል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1849 ሚንዬ የተባለው የፈረንሳይ መኰንን ያወጣው ጭራው ጎድጓዳ የሆነ ሹል ጥይትም ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ አቃልሎታል፤ በባሩዱ ኃይል ጭራው ተከፍቶ ከቧንቧው ቦይ ጋር ይጣበቃልና።

ከዚህ ፈተና የነፍጡ መድረሻ ርቀትም ይታወቃል። የድኩላ ወይም የሰስ የልብና የሳንባ ስፍራ አንድ ስንዝር ያህል ነው። እንግዲህ 5ቱ ጥይቶች በአንድ ስንዝር የሚሰበሰቡበት ርቀት የዚያ ነፍጥ የአደን ርቀት ነው፤ በ50 እርምጃ አንድ ስንዝር የሆነው በ100 እርምጃ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይሆናልና ከዚያ ወዲያ መተኰስ አውሬውን አቍስሎ መስደድ ነው።

ዋጋው በነፍጡ ብቻ አይቈጠርም

ከሊማሊሞ በታች ላለ አዳኝ ነፍጡን መግዛት የወጪው መጀመሪያ ነው። 17 ተኩል ሚሊሜትር የሆነ ድቡልቡል የእርሳስ ጥይት 32 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከ1 ኪሎ እርሳስ 31 ጥይት ያህል ይወጣል። የቧንቧው ስፋት ጠበብ ብሎ ጥይቱ 14 ሚሊሜትር የሆነ እንደ ሆነ ግን ከዚያው ኪሎ 60 ያህል ይገኛል። እንግዲህ እርሳስ በበቅሎ ጀርባ ከባሕር በሚመጣበት አገር ሰፊው ነፍጥ በግዢው ርካሽ ቢሆንም በአጠቃቀሙ እጥፍ ያስወጣል። በእርሳስ ፋንታ የብረት ጥይት ማጉረስም ቍጠባ አይደለም፤ ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ኃይሉ ቶሎ ይደክማል፥ የቧንቧውንም ውስጥ ይፍቃል።

ባሩድን የአገሩ ባለ ሙያ ከጨው ባሩድ፥ ከድኝና ከከሰል ይቀምመዋል፤ ልኩም በመቶ 75፥ 10 እና 15 ሲሆን መልካም ይሆናል። ካፕሱል ግን በመንደር የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ካፕሱል ያለው ነፍጥ በስሜን ዝናብና ጉም ውስጥ ባሩዱ ገላጣ ላይ ከሚለኮሰው ባለ ባልጩት ነፍጥ ይልቅ አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ካፕሱሉ ያለቀበት ዕለት ከዱላ አይሻልም። እሳት በባልጩት የሚያነሣው ግን ድንጋዩን ከወንዝ ለቅሞ ይተኩሳል። ስለዚህ የተሻለው ነፍጥ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ መለዋወጫው በቅርብ ይገኛልን ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አይመለስም።

ለዛሬ ነጋዴ

ዛሬ የነፍጥ ነገር ለሱቅ የሚሆን አይደለም። መሣሪያ መያዝና ማስገባት በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተወሰነ ነው። ከደባርቅ በላይ ያለው የስሜን ተራራም በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ታውጇል፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በነፍጥ ብዛት ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው ዋልያ በሕግ የሚጠበቅ ነው። በገደሉ ላይ ሆኖ የሚታየው ይህ እንስሳ ለደባርቅ ባለ ሱቅና ባለ ሆቴል በሕይወቱ ሳለ የሚያስገኘው ጥቅም በአንድ ተኩስ ከሚገኘው ቆዳና ቀንድ እጅግ ይበልጣል።

የምርመራው ጥበብ ግን ከነፍጡ ጋር አላረጀም። በአዲ አርቃይ የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚሸጥ ባለ ሱቅም ሆነ በአዲስ አበባ የልብስ ስፌት መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ የሚጠየቀው ያው ነው። ውጫዊ ጌጡን ትቶ ነፍሱ የሆነውን ክፍል መርምሯልን? ማኅተሙ ስለ ምን እንደሚመሰክርና ስለ ምን እንደማይመሰክር ያውቃልን? አንድ ናሙና በደኅና ስለ ሠራ ጭነቱን ሁሉ ገዝቷልን፥ ወይስ 5 አስነሥቶ አንድ ዐይነት መሥራታቸውን አይቷልን? የዕቃው ጥይትና ካፕሱል የሆነው መለዋወጫ ከገዢው መንደር ይገኛልን? ዕቃው መንገድ ላይ ሳለ ገበያው ቢለወጥስ ምን ያህል ኪሣራ ይችላል?

ራምቦ የዕቃውን ዋጋ በትክክል ያውቅ ነበር፤ የገዢውን ዕውቀት ግን አልገመተም። ርካሽ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ደንበኛም ደኅና ዕቃ ማግኘት ይገባዋልና። ነውሩ ነጋዴው ራሱ ያልመረመረውን ዕቃ ለደንበኛው አሳልፎ መስጠቱ ነው። በነፍጥ ዘመን ቧንቧው የሚፈነዳው በገዢው እጅ ላይ ነበረ፤ የሻጩ ስም ግን አብሮ ይፈነዳ ነበር።